«ካርታው ላይ ይታያል እኮ!» በሩጫ ቀን ስለሚሠራው የአማተር ሬዲዮ መከታተያ የሚወራውና እውነታው

ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ስለ ማሪን ኮር ማራቶን ሳይሰማ አይቀርም። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ከአርሊንግተን ይነሳል። መንገድ ይዘጋል፤ ቀኑ እሑድ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም መንዳት ነው። እንዲህ ባሉ ትልልቅ ሩጫዎች ላይ ደማቅ ሰደርያ ለብሰው፣ ሬዲዮ ይዘው ዳር ላይ የሚቆሙ ሰዎች አሉ። ብዙ ሰው ፖሊስ ይመስሉታል። አይደሉም። የአማተር ሬዲዮ (ለገንዘብ ሳይሆን ለፍላጎት የሚሠራበት ሬዲዮ) ፈቃድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንድ ሳንቲም አይከፈላቸውም።

ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ኤፒአርኤስ ይባላል። ጂፒኤስ ከትንሽ ሬዲዮ ጋር ይያያዝና (ትራከር የሚሉት ይሄንን ነው) «እኔ እገሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» የሚል አጭር የዲጂታል መልእክት በየተወሰነ ጊዜ ይልካል። መልእክቱን ፓኬት ይሉታል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚላከው በ144.390 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ አውሮፓና አብዛኛው አፍሪካ የሚጠቀሙት 144.800ን ነው። ኮረብታ ወይም ረጅም ሕንፃ ላይ ያለ ዲጂፒተር የሚባል ጣቢያ ፓኬቱን ሰምቶ መልሶ ይለቀዋል። አስተባባሪው ደግሞ ላፕቶፑ ላይ፣ ካርታ ላይ ያየዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ዙሪያውን ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ።

«ሯጮቹን ነው የሚከታተሉት»

የሯጩን ሰዓት የሚይዘው ደረቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር የሚለጠፈው ቺፕ ነው። ኤፒአርኤስ የሚከታተለው ሥራውን የሚያስኬዱትን ነው፦ አምቡላንሱን፣ ከፊት የሚመራውን መኪና፣ ውሃ የሚያመላልሰውን፣ የደከሙትን የሚሰበስበውን አውቶቡስ። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን የመጨረሻው ሯጭ ኋላ የሚሄደው መኪና ነው። እሱ ያለፈበት መንገድ ሊከፈት ይችላል፤ የውሃ ጣቢያውም ይነሳል። እሱ የት እንደደረሰ ካልታወቀ ፖሊሱም በጎ ፈቃደኛውም ባዶ መንገድ ሲጠብቁ ይውላሉ።

«ስልክ እያለ ይሄ ያረጀ ነገር ምን ያደርጋል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት ከተማ ለትንሽ ሩጫ ስልክ ይበቃል። በሬዲዮ መድከም አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ተራራና ጫካ ውስጥ የሚደረግ ሩጫ ነው፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ሌላው ሰው በብዛት የሚታጨቅበት ቦታ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2013 ቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ የሞባይል ኔትወርኩ በደዋይ ብዛት ተጨናነቀ። የአማተር ሬዲዮ ሰዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ።

አሮጌነቱ ላይ ክርክር የለም። የጀመረው ቦብ ብሩኒንጋ ነው፤ አናፖሊስ ባለው የአሜሪካ የባህር ኃይል አካዳሚ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። የመጀመሪያውን ፕሮግራም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1984 ደግሞ ቪአይሲ-20 በምትባል የኮሞዶር የቤት ኮምፒውተር፣ 100 ማይል በሚጋልቡ ፈረሶች ውድድር ላይ የፈረሶቹን ቦታ ለማሳወቅ ተጠቀመበት። እንግዲህ የውድድር ሥራ በኋላ የተጨመረለት አይደለም፤ ከጅምሩ አብሮት አለ።

«ያለ ኢንተርኔት አይሠራም»

ይሠራል። ሬዲዮ ለሬዲዮ ነው የሚነጋገረው። ካርታው ቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ከተጫነ ማስተባበሪያው ድንኳን ውስጥ ኢንተርኔት ባይኖርም ግድ የለም። ኢንተርኔቱ የሚመጣው አይጌት የሚባሉ ጣቢያዎች የሰሙትን ወደ መረቡ ሲያስገቡ ነው። ስለዚህ ኤፒአርኤስ ዶት ኤፍአይ የሚባለው የካርታ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው አይጌት የሰማው ብቻ ነው። አምቡላንሱ እዚያ ካልታየ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ድንኳኑ ያለው ሬዲዮ በደንብ እየሰማው ሊሆን ይችላል።

«ካርታው ላይ ያለው ምልክት አሁን ያለበት ቦታ ነው»

ሥራ የሚያበላሸው ዋናው ይሄ ነው። ምልክቱ የሚያሳየው መኪናው *መጨረሻ የተሰማበትን* ቦታ ነው። ባትሪው ካለቀ፣ የአንቴናው ገመድ ከላላ፣ ወይም መኪናው ሸለቆ ውስጥ ከገባ ምልክቱ እዚያው ቁጭ ይላል። አይጠፋም፣ ቀለሙም ወዲያው አይለወጥም። አስተባባሪው ሲያየው አምቡላንሱ 10ኛው ማይል ላይ የቆመ ይመስለዋል።

ይባስ ብሎ ደግሞ ስማርት ቢኮኒንግ የሚባል ነገር አለ። መኪናው ሲፈጥን ቶሎ ቶሎ ይልካል፣ ሲታጠፍ ወዲያው ይልካል፣ ሲቆም ግን በጣም ይዘገያል። እንደ አስተካከሉት ግማሽ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። መስመሩን እንዳይሞላ ለመቆጠብ የተሠራ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ዝምታውን አሻሚ ያደርገዋል። ለ20 ደቂቃ ያልተሰማ አምቡላንስ ቆሞ ሰው እያከመ ነው ወይስ ትራከሩ ሞቷል? ካርታው አይነግርህም።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምልክቱን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ሰዓት ነው። ለሩጫ ቀን ደግሞ ትራከሩን፣ መኪናው ሲቆምም በየሁለትና ሦስት ደቂቃው እንዲልክ ያስተካክለዋል። ከተጠራጠረ ሬዲዮ አንስቶ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ኤፒአርኤስ የድምፅ ሬዲዮን ይተካል የሚለውም ስህተት የሚሆነው። ጥቅሙ «የት ደረስክ?» የሚለውን ጥያቄ መቀነሱ ነው፤ መስመሩ ለ«ሰው ወድቋል» ክፍት ይሆናል።

«ቶሎ ቶሎ በላከ ቁጥር ይሻላል»

ሒሳቡን እንሥራው። ፍጥነቱ በሰከንድ 1200 ቢት ነው። 80 ባይት የሆነ ፓኬት ለብቻው ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ሬዲዮው እስኪነሳ የሚጠብቀው ሲጨመር 0.8 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። አሁን 20 መኪና በየ30 ሰከንዱ ይልካል እንበል። በደቂቃ 40 ፓኬት፣ 32 ሰከንድ። ዲጂፒተሩ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ሲደግመው 64 ሰከንድ። ደቂቃው ግን 60 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው!

መስመሩ ሳይሞላም ይጋጫል። ሁለት መኪኖች በኮረብታ ተከልለው አንዱ ሌላውን ካልሰማ እኩል ሊልኩ ይችላሉ፤ ዲጂፒተሩ ጋ ሲደርስ ሠርግ ቤት ሁሉም እኩል እንደሚያወራው ነው፣ ብዙ ጊዜ አንዱም አይሰማም። አንዳንድ ርካሽ ትራከሮች ደግሞ ተቀባይ ስለሌላቸው ከመላካቸው በፊት አያዳምጡም። ፓኬቱ ተሰምቷል የሚል መልስም የለም፤ የጠፋው ጠፋ። እነዚያው 20 መኪኖች በየሁለት ደቂቃው ቢልኩ ግን ከነድግግሞሹ በደቂቃ 16 ሰከንድ ነው። ሯጭ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ምን ያህል ይሄዳል?

ትልቅ ዝግጅት ሲሆን ብዙዎች ሌላ ፍሪኩዌንሲ ይመርጡና የራሳቸውን ዲጂፒተር ይተክላሉ። የከተማው ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን መስመር ከመሙላት ይሻላል።

«ኃይል ጨምር፣ ብዙ ጣቢያ እንዲደግመው አድርግ»

ብዙ ድግግሞሽ ያንኑ መስመር ይሞላል። ሌላ ከተማ ያለ ሰው አምቡላንሱን ማየቱ ለማንም አይጠቅምም። ለውጥ የሚያመጣው አንቴና ነው። 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ቦርሳ ውስጥ ተወርውሮ ወይም ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ሲልክ ሰውነት ይውጠዋል። ብረት አምቡላንስ ውስጥ ደግሞ ይብሱን ይዳከማል። ያው ሬዲዮ ጣሪያ ላይ በማግኔት የሚጣበቅ አንቴና ሲያገኝ ሌላ ነገር ነው። ጂፒኤሱም ሰማይ ማየት አለበት፤ ዳሽቦርዱ ላይ፣ መስታወቱ ሥር ማስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

«ሬዲዮ ገዝቶ መግባት ነው»

ሬዲዮው ርካሽ ነው፣ ፈቃዱ ግን ግዴታ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሺያን ይባላል፤ 35 ጥያቄ ነው፣ 26 መመለስ ያሳልፋል። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ሞርስ ኮድ መማር አለብኝ ብሎ የሚፈራ ካለ፣ ያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሁሉም ደረጃ ቀርቷል። አገር ቤት ያለ ሰው ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ አምስት ኪሎ ካለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክበብ ቢጀምር ጥሩ ነው፤ የጥሪ ምልክቱ (በሬዲዮ የሚታወቅበት መለያ) ኢቲ3ኤኤ ነው። ፈቃድ ሳይይዙ መሣሪያ ማዘዝ ግን ጣጣ ነው።

«እኛ ብቻ ነን የምናየው»

ማንም ያያል። በአማተር ሬዲዮ ላይ መልእክትን ለመሰወር መመስጠር በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ የሯጭ ስም፣ ሕመም ወይም ስልክ ቁጥር በኤፒአርኤስ መልእክት አይላክም። የራስህም ነገር እንዲሁ ነው። የጥሪ ምልክትህ ከስምህና ከአድራሻህ ጋር ፈቃዱን በሚሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ የኤፍሲሲ መዝገብ ላይ በይፋ ይገኛል። ሩጫው ሲያልቅ ትራከሩን ሳታጠፋ ወደ ቤት ከነዳህ፣ በየት እንደሄድክና መኪናህን የት እንዳቆምክ ኢንተርኔቱ ላይ መስመር ተሠርቶለት ይቀመጣል። ሰደርያውን ከማውለቅህ በፊት አጥፋው።