የሮማና የቢዛንታይን ሳንቲሞችን መሰብሰብ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስለ ጥንት ሳንቲም በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ነገር አብዛኛው ስለ አክሱም ነው። ይገባዋልም። ግን የአክሱም ወርቅ በገበያ ላይ ብቻውን አልነበረም፤ ከሮማ ወርቅ ጎን ለጎን ነበር የሚመዘነው። ስለዚያኛው ወርቅ ግን በቋንቋችን እዚህም እዚያም ከተጣለ አንድ ሁለት አንቀጽ በቀር ብዙ አላየሁም። ይህን ያሰናዳሁት ከሙዚየም ድረ ገጾች፣ ከጨረታ ካታሎጎችና መሳቢያዬ ውስጥ ካሉ ሠላሳ ምናምን ነሐሶች ነው። አብዛኞቹ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆኑ ጽሑፉም ወደዚያው ያዘነብላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሮማ ዋና የብር ሳንቲም ዴናሪየስ ይባላል። መታተም የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 አካባቢ፣ ከሃኒባል ጋር በተደረገው ጦርነት መሀል ነው። ለረጅም ጊዜ በላዩ የሚታየው የአማልክትና የሞቱ ሰዎች መልክ ነበር። በ44 ዓ.ዓ. (ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለት ነው) ዩሊየስ ቄሳር በሕይወት እያለ የራሱን ፊት አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ ደግሞ በ42 ዓ.ዓ. ባሳተመው ሳንቲም በአንድ በኩል የራሱን መልክ፣ በሌላው ሁለት ጩቤና የነጻነት ቆብ አስቀረጸ። ከሥሩ የግድያው ቀን ተጽፏል። የዚህ ሳንቲም አንድ የወርቅ ቅጂ በ2020 ለንደን ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በኋላ የባለቤትነት ታሪኩ በሐሰት የተቀነባበረ መሆኑ ታወቀና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

አውግስጦስ ምንዛሬውን አስተካከለ፤ አንድ የወርቅ አውሬየስ 25 ዴናሪየስ። ከዚያ በኋላ ያለው የብሩ ታሪክ የመመናመን ታሪክ ነው። ኔሮ በ64 ዓ.ም. ክብደቱን ቀነሰ። ካራካላ በ215 ሁለት ዴናሪየስ ነው የተባለ፣ ክብደቱ ግን አንድ ተኩል ብቻ የሆነ ሳንቲም አወጣ። እሱን ለመለየት ቀላል ነው፤ የንጉሡ አክሊል እንደ ፀሐይ ጨረር የሾለ ነው። በ260ዎቹ ውስጥ የብሩ መጠን ከመቶ አምስት እጅ በታች ወረደ። በደንብ ሲታይ ብር የተቀባ መዳብ ማለት ነው። ዋጋ ሲንር ለኖረ ሰው ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም። አውሬሊያን በ274፣ ዲዮቅልጥያኖስ በ294 አካባቢ ሊጠግኑት ሞከሩ።

ቆስጠንጢኖስ በ309 ገደማ ከአንድ የሮማ ፓውንድ ወርቅ 72 የሚወጣ ሳንቲም አስመታ። ስሙ ሶሊደስ ነው። ክብደቱ 4.5 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ ከእኛ አምስት ሳንቲም ብዙም የማይራራቅ። ይህ ሳንቲም ወደ 700 ዓመት ገደማ ጥራቱን ሳያጎድል ቆየ። ዛሬ ለአንዱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል፤ ስለዚህ ጀማሪ ከሱ አይጀምርም።

ጀማሪ የሚጀምረው ከነሐሱ ነው። የቆስጠንጢኖስና የልጆቹ ነሐስ በብዙ ሺህ እየሆነ ከመሬት ይወጣል፤ በ20 ወይም በ30 ዶላር ጥሩ የሚነበብ ይገኛል። አንዱን እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በዘውዱ በኩል ንጉሡ የዕንቁ አክሊል አድርጎ ወደ ቀኝ ይመለከታል። በጎፈሩ በኩል (ጎፈር ባይኖረውም ዘውድና ጎፈር ብለን ነው ያደግነው) ሁለት ወታደሮች ጦርና ጋሻ ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል። በመሀላቸው ሁለት የጦር ዓላማ ተተክሏል፤ ዙሪያውን «ግሎሪያ ኤግዜርኪቱስ»፣ የሠራዊቱ ክብር፣ ይላል። ከእግራቸው በታች ካለው መስመር ሥር የላቲን ኤስ፣ ኤም፣ ኤ፣ ኤን ፊደሎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳንቲሙ የቤተ መንግሥቱ መሆኑን፣ የቀሩት ሁለቱ አንጾኪያ መታተሙን ይናገራሉ። ቀጥላ የምትመጣው የግሪክ ፊደል የትኛው ክፍል እንዳተመው ትጠቁማለች። ያን ጊዜ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ካለችው ከትሪየር እስከ እስክንድርያ ማተሚያዎች ነበሩ፤ ብዙ ሰብሳቢዎች አንዱን ምስል ይመርጡና ከየከተማው አንድ አንድ እያሉ ያሟላሉ። ዓላማው ሁለት ከሆነ ሳንቲሙ የ330 እስከ 335 ነው። አንድ ከሆነ ከ335 በኋላ ነው፤ ሳንቲሙ ሲያንስ ቦታ ጠበበና አንዱ ዓላማ ተነሳ። ይህን ሁሉ በ17 ሚሊሜትር ነሐስ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ እኔን የያዘኝም ይኸው ነው።

ያልጸዳ ሳንቲም በጅምላ መግዛትም አለ። ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጨርሳል። በተጣራ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው እየተቀየረ፣ በጥርስ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር ቀስ እያለ ይጸዳል። እኔ በመጀመሪያው ሰሞን ሎሚና የሽቦ ብሩሽ ተጠቅሜ አምስቱን አበላሸሁ። እንደ አዲስ ምስማር አብረቀረቁ፤ የሚነበብ ፊደል ግን አልቀረባቸውም። ያ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሽፋን ቆሻሻ አይደለም፤ ዝርዝሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የሚፈራው ሌላ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ዱቄት የሚመስል አረንጓዴ ብቅ ካለ የነሐስ በሽታ ይባላል፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ብረቱን እየበላ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ መለየት ነው።

ቢዛንታይን፣ ማለትም መናገሻው ቁስጥንጥንያ የሆነው የምሥራቁ የሮማ መንግሥት፣ ከየት ይጀምራል የሚለው አከራካሪ ነው። አንዳንዱ ቁስጥንጥንያ ከተመረቀችበት ከ330፣ አንዳንዱ ግዛቱ ለሁለት ከተከፈለበት ከ395 ይነሳል። ሰብሳቢዎች ግን ከንጉሥ አናስታሲዮስ የሳንቲም ማሻሻያ፣ ከ498 ይጀምራሉ፤ ትክክሉም እነሱ ናቸው። ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ የነሐሱ ዋጋ፣ ኑሙስ በሚባለው በትንሹ ነሐስ ተቆጥሮ፣ ትልቅ የግሪክ ፊደል ሆኖ ጀርባው ላይ ተቀመጠ፤ «ኤም» 40፣ «ኬ» 20፣ «አይ» 10፣ «ኢ» 5። ዮስጢንያኖስ በ12ኛ የንግሥና ዓመቱ፣ በ538/9፣ መልኩን ከጎን ሳይሆን ከፊት አሳተመ፣ ዓመቱንም ጻፈበት። የዚያን ጊዜው ትልቁ ነሐስ እጅ ይሞላል። ከሄራክልዮስ ዘመን ጀምሮ በአሮጌው ላይ ደግመው መምታት በዛ፤ አንዱ ሳንቲም ላይ የሁለት ንጉሥ ፊት ይታያል።

ዳግማዊ ዮስጢንያኖስ በ692 አካባቢ የክርስቶስን መልክ የወርቁ ዋና ምስል አድርጎ አስቀረጸ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ የለም። ከ970 አካባቢ እስከ 1092 ደግሞ የንጉሡ ስም ጭራሽ የሌለበት ነሐስ ታተመ። በብዙዎቹ ላይ ፊት ለፊት የክርስቶስ ሥዕል፣ በጀርባ «ኢየሱስ ክርስቶስ የነገሥታት ንጉሥ» የሚል ጽሑፍ አለ። ለሐበሻ ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ ዋጋውም አይጎዳም። ወርቁ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ተበረዘ፣ አሌክሲዮስ በ1092 ጠገነው፤ በመጨረሻዋ ከበባ በ1453 ቁስጥንጥንያ ውስጥ ይታተም የነበረው ትንሽ ብር ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን። አክሱም በ3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ ወርቅ ማሳተም ጀመረች። በዘመኑ ወርቅ ያሳትሙ የነበሩት መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የወርቁ ጽሑፍ ግሪክ፣ የክብደት መለኪያውም የሮማውን የተከተለ ሆኖ መሠራቱ ለውጭ ንግድ እንዲመች ነው። ኢዛና ከተጠመቀ በኋላ የጨረቃና የፀሐይ ምልክቱን በመስቀል ተካ። በሳንቲም ላይ መስቀልን ዋና ምልክት ያደረገ የመጀመሪያው ንጉሥ እሱ ነው። በቆስጠንጢኖስ ሳንቲሞች ላይ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ ይቆጠራሉ የሚሉም አሉ፣ ይበሉ። ሁለቱ ወርቆች አብረው መገኘታቸው ግን አያከራክርም። የመን ውስጥ አል ማድሃሪባ በተባለ ቦታ ከአንድ ሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲም ወጥቶ የሚበዛው የአክሱም፣ የቀረው የሮማ ነበር። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው መጠራ ደግሞ በ1960ዎቹ ቁፋሮ 14 የሮማ ወርቆች ከመስቀልና ከሰንሰለት ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገኝተዋል። አያቶቻችን ማርትሬዛን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ እንደነበር ስታስቡ አይገርምም። ይህ ሁሉ እያለ ካታሎጎቹ አክሱምን መጨረሻ ላይ «ሌሎች» ከሚለው ሥር ይወሽቁታል።

ሐሰተኛ ሳንቲም ጥንትም ነበር፣ ዛሬም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤከር የተባለ ጀርመናዊ አዲስ የሠራቸውን ሳንቲሞች ከብረት ብናኝ ጋር ሣጥን ውስጥ አድርጎ በሠረገላው ያንገላታቸው ነበር ይባላል፤ ያረጁ እንዲመስሉ። ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ሐሰተኛ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር፣ ፊቱ ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ይኖረዋል። ሚዛን ይኑራችሁ። እኔ አንድ ዴናሪየስ ገዝቼ ስመዝነው ሁለት ግራም እንኳ አልሞላም፤ ሻጩም መልስ አልሰጠኝም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የብሩተስ ወርቅ የተመለሰው ሐሰተኛ ስለነበረ ሳይሆን የመጣበት መንገድ ስለተዋሸ ነው። ብዙ አገሮች ጥንታዊ ሳንቲም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላሉ። የእኛም አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል፤ የተገኘ ቅርስም ለመንግሥት ይነገራል። ስለዚህ አክሱም መንገድ ላይ ልጆች መዳፋቸውን ዘርግተው ሲያሳዩዋችሁ አትግዙ። ውጭ አገርም ቢሆን ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭን ተዉት።

የያዛችሁትን በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። ለስላሳው ርካሽ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ያወጣና ሳንቲሙን ይጎዳል። ፖስታው ላይ ንጉሡን፣ ከተማውን፣ ክብደቱን፣ ከማን በስንት መቼ እንደገዛችሁት በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ይፈሳል።