መንግስት «ተዘጋ» ሲባል፦ የፕሬዝዳንቱና የኮንግረሱ የካዝና ጉተታ

አሜሪካ ውስጥ ሸትዳውን (የመንግስት መዘጋት) ሆነ ሲባል ከሩቅ ለሚሰማው ሰው መንግስት የፈረሰ ነው የሚመስለው፣ ነገሩ ግን የካዝና ቁልፍ ጠብ ነው። ህገመንግስቱ ኮንግረስ በህግ ካልፈቀደ ከካዝና አንዲት ሳንቲም አትወጣም ይላል፣ ፕሬዝዳንቱ ደግሞ የወጣውን ህግ አልቀበልም ብሎ ቬቶ ካደረገ ቬቶውን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤት (በተወካዮቹም በሴኔቱም) ሁለት ሶስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ የሱ ፓርቲ ሰዎች እስካሉ ድረስ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል (ቀኑም ዓመቱም በፈረንጆቹ ነው)፣ እስከዛ ካልተስማሙና ጊዜያዊ በጀትም ካላፀደቁ በጀት ያጣው መስሪያ ቤት ይዘጋል።

የሚገርመው ሸትዳውን የሚባል ነገር ህገመንግስቱ ላይ የለም። ድሮ በጀት ቢዘገይም ብዙው መስሪያ ቤት ወጪውን ቀነስ እያደረገ ይሰራ ነበር፣ በ1980 የፕሬዝዳንት ካርተር ጠቅላይ አቃቤ ህግ የነበረው ቤንጃሚን ሲቪሌቲ የቆየ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ህግ ተርጉሞ በጀት ከሌለ ስራም የለም አለ፣ በዓመቱ ደግሞ ህይወትና ንብረት የሚጠብቁት ይቀጥሉ ብሎ አላላው። ይኸው እስከዛሬ አለ።

ጉተታው የለየለት በ1995 ነው። ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን ይዘው አፈጉባኤው ኒውት ጊንግሪች ከፕሬዝዳንት ክሊንተን ጋር በሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) እና በወጪ ቅነሳ ተያያዘ፣ በኖቬምበር 5 ቀን ከዛ እስከ ጃንዋሪ ሌላ 21 ቀን ተዘጋ። መሀል ላይ ጊንግሪች ከእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢን ቀብር ሲመለሱ ፕሬዝዳንቱ አውሮፕላን ላይ ሳያናግሩኝ በኋላ በር አስወረዱኝ ብሎ ለጋዜጠኞች አማረረ፣ አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ዳይፐር አስታጥቆ የሚያለቅስ ህፃን አድርጎ ፊት ገፁ ላይ ሳለው። እኔ እንደሚመስለኝ ከበጀቱ ቁጥር ይልቅ ህዝቡ ጋር የቀረችው ይቺ ስዕል ናት።

ግን ካዝናው የኮንግረስ ነው ማለት ፕሬዝዳንቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ፕሬዝዳንት ኒክሰን የተፈቀደውን ብር አላወጣም ብሎ ሲይዝ ኮንግረስ በ1974 የሚከለክል ህግ አወጣበት። ትራምፕ ደግሞ ለሜክሲኮ ድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠይቆ ሲከለከል 35 ቀን ተዘጋ፣ ወደ 800 ሺህ ሰራተኛ ደሞዝ ቀረበት፣ በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ የበረራ ተቆጣጣሪዎች እየቀሩ ኒውዮርክ ላይ አውሮፕላን ሲዘገይ ነው የተከፈተው። ኮንግረስ 1.375 ቢሊዮን ብቻ ሰጠ፣ እሱም ወዲያው ብሄራዊ አስቸኳይ ጊዜ አውጆ ከወታደራዊ ግንባታ ብር ሊያዞር ተነሳ፣ ሁለቱም ምክር ቤት አዋጁን ሲሽሩት ቬቶ አደረገው፣ ቬቶውን ለመሻር 248 ለ181 ወጣ፣ አልበቃም። በፊት በር የተከለከለው በጓሮ ገባ ማለት ነው።

በ2025 የኦባማኬር (የጤና መድን) ድጎማ ይራዘም አይራዘም ተብሎ ሪከርዱ ተሰበረ፣ 43 ቀን። እዚህ ላይ ፕሬዝዳንቱም ኮንግረሱም በአንድ ፓርቲ እጅ ነበሩ፣ ሴኔት ላይ ግን ከ100ው 60 ድምፅ ካልሞላ ክርክር ተዘግቶ ወደ ውሳኔ አይኬድም፣ ስለዚህ የሌላው ፓርቲ ድምፅም ያስፈልግ ነበር።

ከ2019 ወዲህ የፌደራል ሰራተኛ ውዝፍ ደሞዙ እንዲከፈለው በህግ ተደንግጓል። ዲሲ ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሰራውና ታክሲ የሚነዳው ሀበሻ ግን እዛ ህግ ውስጥ የለም፣ ቢሮው ሲዘጋ መኪና አይገባም፣ መኪና ካልገባ ቲፕ የለም፣ ያለፈውን ደግሞ ማንም አይክስለትም።