ነፍስ ለማዳን የሞከረውን ማን ያጽናናው? የሰሜን ሸዋ ዳሰሳ

የሰው ልብ ድንገት ሲቆም፣ አጠገቡ ያለ ሰው ደረቱን እየተጫነ ደም እንዲዘዋወር ያደርጋል። ይህ እርዳታ ሲፒአር ይባላል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን አለበት። ጉልበት ይጨርሳል። እንዲያም ሆኖ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ቆሞ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የሞከረው ሰው ብዙ ጊዜ ሰው እጁ ላይ አልፎበት ነው ቤቱ የሚገባው።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ሆስፒታል ቅርብ ነው። መንዝ ወይም መርሐ ቤቴ ገጠር ግን ዳገቱና ጭቃው አምቡላንስ ያዘገያል። ጎረቤት ብቻውን ሲጫን ይቆያል። ሟቹ ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የዕድር ጓደኛው ወይም አበልጁ ነው።

ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል። የሟች ፊት ድቅን ይላል። "ቶሎ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ" ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው የጎድን አጥንት ሲሰበር የሰማው ድምፅ ነው። አጥንት በትክክል ሲጫኑም ይሰበራል። ሰውየውን የገደለው የልቡ መቆም እንጂ የረዳው እጅ አይደለም። ይህን አንድ ሰው በግልጽ ይንገረው፤ ከነርስ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሲሰማው ደግሞ ይበልጥ ያምነዋል።

ለቅሶ ቤት ሁሉም የሟችን ቤተሰብ ይከብባል። ሊያድን የሞከረው ግን ድንኳኑ ጥግ ይቀመጣል። "ምን አደረግኸው? እንዴት ነበር?" የሚለው ይበዛል። ጠያቂው ክፉ አላሰበም፤ ለተጠያቂው ግን ምርመራ ነው። "እግዜር ያጥናህ" ለእሱም ይገባዋል ባይ ነኝ። ሠልስቱ ካለፈ በኋላም የዕድሩ ሰዎች ቤቱ ጎራ ብለው ቡና ቢጠጡ ትልቅ ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚረዱት ጋር ማገናኘት። ሰውየው ታሪኩን እንዲያወራ አይገፋም። ሲያወራ ግን አይቋረጥም። "ይለፍልህ" ተብሎ የሚቀዳለት አረቄ እንቅልፍ ማጣቱን ያባብሰዋል። ቅዠቱና ጭንቀቱ ከአንድ ወር ካለፈ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይሂድ። የንስሐ አባቱ ምክርና ጠበሉም ከሕክምናው ጋር አይጣሉም።

የረዳው ሰው በደሴ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ደረቱን የተጫነለት ሰው በመኪና ይወሰዳል፤ መንገደኛው ግን ሰውየው ይሙት ይዳን ሳያውቅ ጉዞውን ይቀጥላል። የታማሚው ቤተሰብ ወይም የአካባቢው ሰው የመንገደኛውን ስልክ ቁጥር ተቀብሎ ይያዝ። ወሬው ክፉም ቢሆን ይደወልለት።