«ኤርጎን» እና ምርታማነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጥንታዊ ግሪክኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት የሚያጠኑ ናቸው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ስለ ግሪክኛ ብዙ የምሰማው ከክፍል ውጭ ነው። ስልጠና ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ። የሚባለው ሁሌም አንድ ነው፦ «የጥንት ግሪኮች ለምርታማነት ልዩ ቃል ነበራቸው። ኤርጎን ይሉታል። ምስጢሩ እሱ ነው።» ከዚያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ የሥራ ዝርዝር ማውጣት፣ ስልክ ማጥፋት ይከተላል።

በምክሩ ጠብ የለኝም። ማልዶ መነሳት ጥሩ ነው፤ ስልክ ማጥፋትም ጥሩ ነው። የሚያናድደኝ ቃሉን የማያውቀውን ነገር ማሸከማቸው ነው። አዳራሹ ውስጥ ግሪክኛ የሚያውቅ የለም ተብሎ የተገኘው ሁሉ ይነገራል። ስለዚህ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ኤርጎን ማለት ፕሮዳክቲቪቲ ነው»

አይደለም። ኤርጎን ማለት ሥራ ማለት ነው። ለዚህ ቃል ደግሞ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይመቻል። «ሥራ ላይ ነኝ» ስንል ድካሙን ነው። «የዚህ አናጢ ሥራ ያምራል» ስንል የተሠራውን ዕቃ ነው። «የልብ ሥራ ደም መርጨት ነው» ስንል የተፈጠረበትን ተግባር ነው። «ሥራው ያውጣው» ስንል የሰውየውን አድራጎት ነው። ግሪኩም አራቱንም በዚሁ በአንድ ቃል ይላቸዋል። በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን «ፕሮዳክቲቪቲ» ላይ የምንደርስበት ምክንያት አይገባኝም። ቃሉ ቤታችን አለ።

ጽሑፎቹን እንያቸው። በጥንቱ ባለቅኔ በሆሜር ኢሊያድ 9ኛ ክፍል ሽማግሌው ፊኒክስ ጀግናውን አኪሌስን ለምን እንዳሳደገው ሲነግረው «ቃል ተናጋሪ፣ ሥራም ሠሪ እንድትሆን» ይለዋል። እዚህ ጋ ኤርጎን የጀግና አድራጎት ነው። በሌላው የሆሜር ግጥም በኦዲሲ ቴሌማኮስ እናቱን ፔኔሎፔን «ግቢና የራስሽን ሥራ ሥሪ፤ ሽመናሽንና እንዝርትሽን ያዢ» ይላታል። እዚህ የእጅ ሥራ ነው። ገበሬው ባለቅኔ ሄሲዮድ ጋ ስትሄድ ደግሞ የብዙ ቁጥሩ «ኤርጋ» የታረሰ ማሳን ጭምር ይጠራል። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶተስ ታሪኩን የሚጀምረው የግሪኮችም የሌሎችም ታላላቅና አስደናቂ ሥራዎች እንዳይረሱ ነው የጻፍኩት ብሎ ነው።

ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ «በሰዓት ስንት?» የሚል ጥያቄ የለም። ምርታማነት ልኬት ነው። የወጣውን ምርት ለገባው ጊዜና ጉልበት ታካፍላለህ፤ ቁጥር ታገኛለህ። ኤርጎን የሚካፈል ነገር አይደለም።

ፔኔሎፔን ካነሳን አይቀር እሷኑ እንይ። ባሏ ኦዲሴየስ ከጦርነት ሳይመለስ ቀርቶ ሳለ፣ ለአማቷ ለላዔርቴስ መገነዣ ሸምኜ ሳልጨርስ ባል አላገባም ብላ፣ ቀን የሸመነችውን ማታ ትፈታዋለች። ሦስት ዓመት እንዲህ አድርጋ ጋብቻ የሚጠይቋትን ሰዎች አታለለች። በምርታማነት ከለካሃት ውጤቷ ዜሮ ነው። ግጥሙ ግን በብልሃቷ ያወድሳታል። ቤቷን ያቆየችው በዚያ ሽመና ነውና።

ፈላስፎቹ ዘንድ ቃሉ ይጠብቃል። በፕላቶ ፖሊቴያ (በእንግሊዝኛ «ሪፐብሊክ» የሚባለው) 1ኛ መጽሐፍ ሶቅራጥስ ስለ ወይን መግረዣ ይናገራል። የወይን ሐረግ በጩቤም በተራ ቢላም ይቆረጣል። ለዚያ ተብሎ እንደተሠራው መግረዣ ግን አሳምሮ የሚቆርጥ የለም። እንግዲህ የመግረዣው ኤርጎን ይሄ ነው። ትርጉሙንም ይሰጣል፦ የአንድ ነገር ኤርጎን እሱ ብቻ የሚሠራው፣ ወይም ከሌላው ሁሉ አሳምሮ የሚሠራው ነው።

አርስቶትል ይህን ይዞ ስለ ሰው ይጠይቃል። አናጢ ሥራ አለው፤ ጫማ ሰፊ ሥራ አለው። ዓይን፣ እጅ፣ እግር እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። ሰው ግን ሰው በመሆኑ ብቻ ሥራ የለውም? ሥራ ፈት ሆኖ ነው የተፈጠረው? ጥያቄው የኒቆማኪያን ሥነ ምግባር 1ኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ለመጽሐፉ ሁሉ መሠረት ነው። መልሱ ላይ «ቶሎ» ወይም «ብዙ» የሚል ቃል የለም። ኪታራ የሚባለውን ክራር መሰል መሣሪያ የሚጫወት ሰው ሥራው መጫወት ነው፤ የጎበዙ ሥራ አሳምሮ መጫወት ነው ይላል። ሰውም እንደዚሁ፤ በአእምሮ የሚመራ ሕይወትን አሳምሮ መኖር። አንድ ቀን ወይም አጭር ጊዜ ደግሞ አይበቃም፤ ሙሉ ዕድሜ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምለው ለሙግት ብዬ አይደለም። የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። ስልጠና ላይ ማስታወሻ ደብተር ተሰጣት። ሽፋኑ ላይ ቃሉ በወርቃማ ቀለም፣ በግሪክ ፊደል ተጽፏል። ውስጡ በየገጹ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ የጨረስሽውን ምልክት እያደረግሽ ትሄጃለሽ። አንድ ቀን ማታ ገጹን አሳየችኝ። ሁለት ሳጥን ብቻ ነው የተሞላው። «ዛሬ ምንም አልሠራሁም» አለችኝ። ምን ስትሠሪ ዋልሽ ስላት፣ ከቀዶ ጥገና የወጣ አንድ አዛውንት እየቃዡ መርፌያቸውን ሲነቅሉ፣ አጠገባቸው ሆና ስታረጋጋ ነው የዋለችው። በግሪኩ አነጋገር የነርስ ኤርጎን ማስታመም ነው። ጥያቄው አሳምራ አስታመመች ወይ ነው። ያ ቀን የሥራ ቀን ነበር፤ ደብተሩ ግን በራሱ በቃሉ ስም ባዶ ቀን አደረገባት። ምልክቷን ተዪው፣ ሥራሽን ሠርተሻል አልኳት። እንዲህ ያለ ደብተር የምትሸጡ፣ እባካችሁ ሽፋኑ ላይ ሌላ ነገር ጻፉበት።

«እሺ፣ ሌላ የግሪክ ቃል ይኖራል»

የዛሬ ግሪኮች ምርታማነትን «ፓራጎጊኮቲታ» ይሉታል። ዘመናዊ ቃል ነው። ሥሩ የሆነው ጥንታዊው ግስ «ፓራጎ» በአጠገብ መምራት፣ ከመንገድ ማውጣት፣ እስከ ማሳሳት ድረስ ነበር ትርጉሙ። ስለዚህ ይኸኛውም አያዋጣም።

ይህ ማለት ግን ግሪኮች ቁጥር አያውቁም ማለት አይደለም። የአቴንሱ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ የአባቱን ውርስ የበሉበትን ሞግዚቶች ሲከስ ሒሳቡን አብጠርጥሮ ያቀርባል። 32 ወይም 33 ቢላ ሠሪ ባሪያዎች ነበሩ፤ በዓመት 30 ምናን የተጣራ ገቢ ያስገቡ ነበር። አልጋ የሚሠሩ 20 ባሪያዎች ደግሞ 12 ምናን። ምናን 100 ድራክማ ነው። የተቆጠረው ግን ለጌታው የገባው ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ያስገኙት ሰዎች ባሪያዎች እንደነበሩም አይዘንጋ፤ ግሪክን የጥሩ ሥራ አርአያ አድርገው የሚያቀርቡ አሰልጣኞች ይህን ሲጠቅሱ ሰምቼ አላውቅም።

የሥራ ክፍፍልም ያውቃሉ። ፕላቶ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ቢይዝ ነገሩ ሁሉ በብዛትም በውበትም በቅለትም ይሠራል ይላል። «በብዛት» የሚለው አለ፤ ልክ ነው። የሶቅራጥስ ተከታይ የነበረው ጸሐፊው ዜኖፎን ግን በትልልቅ ከተሞች አንዱ የወንድ ጫማ፣ ሌላው የሴት ጫማ፣ አንዱ መስፋት ብቻ፣ ሌላው መቁረጥ ብቻ እንደሚሠራ ሲተርክ የሚያደንቀው ጥራቱን ነው።

«ኤነርጌያ ማለት ኢነርጂ ነው፤ ጉልበትህን አውጣ ማለት ነው»

ይሄኛው ሁለተኛ ሕመሜ ነው። «ኤነርጌያ» ከ«ኤን» (በ... ውስጥ) እና ከ«ኤርጎን» የተሠራ ነው፤ በሥራ ላይ መሆን ማለት ነው። ቃሉን ያቋቋመው አርስቶትል ነው፤ ከእሱ በፊት በነበሩ ጽሑፎች አናገኘውም። ዛሬ ፊዚክስ ላይ የምንማረው ኢነርጂ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ1807 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትምህርቱ ቃሉን ለሚንቀሳቀስ አካል ተጠቀመበት። አርስቶትል ስለ ኤሌክትሪክም ስለ ኢነርጂ ድሪንክም አልተናገረም።

እሱ ያለው ሌላ ነው፤ ደግሞም የሚጠቅም ነው። ቤት እየሠራህ ሳለ ቤቱን ሠርተሃል አይባልም። እየተማርክ ሳለ ተምረሃል አይባልም። ለመክሳት እየሞከርክ ሳለ ከስተሃል አይባልም። እነዚህ ፍጻሜያቸው ውጭ ነው፤ ሲያልቁ ይቆማሉ። ማየት ግን ሌላ ነው። እያየህ ሳለ አይተሃል። እያሰብክ ሳለ አስበሃል። በደህና እየኖርክ ሳለ በደህና ኖረሃል። ፍጻሜው በውስጡ ነው። በሜታፊዚክስ 9ኛ መጽሐፍ በጥብቅ ትርጉሙ «ኤነርጌያ» ያለው ይህን ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ ይለዋል።

ልብ በሉ። «ጨርሰህ ሰርዝ» የሚባለው የሥራ ዝርዝር በሙሉ የመጀመሪያው ወገን ነው። በኤነርጌያ ስም የሚሸጠው ስልጠና አርስቶትል ኤነርጌያ አይደለም ብሎ የለየውን ነው የሚያስተምረው። ልጅህን ማጫወት፣ ሙዚቃ መስማት፣ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውጋት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ስለማያልቅ ብለህ ግን ከሥራ ቁጥር አታውጣው።

«ግሪኮች ሥራ ይንቁ ነበር»

የትኞቹ ግሪኮች? ሄሲዮድ በቦዮቲያ፣ አስክራ በምትባል «ክረምቷ ክፉ፣ በጋዋ ከባድ» ባላት መንደር ሆኖ ለሰነፍ ወንድሙ ለፔርሴስ «ሥራ ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለመሥራት ነው» ብሎ ጽፏል። ዜኖፎንና አርስቶትል ደግሞ የእጅ ባለሙያውን ዝቅ አድርገው አይተዋል፤ ይህም እውነት ነው። የሄሲዮድ ስንኝ አቴንስ ውስጥ ጠብ እስከ ማስነሳት ደርሷል። ሶቅራጥስ ይህን እየጠቀሰ ወጣቶችን ማንኛውንም አሳፋሪ ሥራ ሥሩ ይላል ብለው ከሰውታል። ዜኖፎን ሲመልስ፣ ሶቅራጥስ ሠሪ የሚለው መልካም የሚሠራውን ነው፤ ቁማርተኛውን ግን ሥራ ፈት ይለው ነበር ይላል። ቁማርተኛ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ቢደክምም።

«ቢዚ መሆን ነው ኤርጎን»

ለዚህኛው ግሪክኛ ራሱ መልስ አለው። ጳውሎስ በ2ኛ ተሰሎንቄ 3፥11 «ሜዴን ኤርጋዞሜኑስ፣ አላ ፔሪኤርጋዞሜኑስ» ይላል። ምንም ሳይሠሩ በሥራ ዙሪያ የሚዞሩ፣ በሰው ነገር የሚገቡ ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት ከኤርጎን የወጡ ናቸው። ስብሰባ ለስብሰባ ሲዞር ውሎ «ደከመኝ» የሚል ሰው ሁለተኛውን ቃል ነው የሚፈልገው።

«ስኮሌ ማለት ስንፍና ነው»

ስኮሌ የእረፍት ጊዜ ነው፤ ለትምህርትና ለማሰብ የሚሆን ነጻ ጊዜ። «ስኩል» የመጣው ከዚህ ነው። ለሥራ መብዛት ግሪኮቹ የሚሉት «አስኮሊያ» ነው፤ ስኮሌ ማጣት። ሥራ የምንሠራው እረፍት እንድናገኝ ነው ብሎ የጻፈው አርስቶትል ነው። የግሪክን ጥበብ ይዞ ቅዳሜና እሁድን ለመውሰድ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ይህን ያንብብ።

«አርጎን ጋዝ ስሙን ያገኘው ኃይለኛ ስለሆነ ነው»

ተቃራኒው ነው። «አርጎስ» ማለት ኤርጎን የሌለው፣ ሥራ ፈት ማለት ነው፤ በማቴዎስ 20 አደባባይ ቆመው የዋሉት ሥራ የፈቱ ሰዎች በግሪኩ የተጠሩበት ቃል ነው። ሬይሊና ራምዚ የተባሉ ሳይንቲስቶች ጋዙን በ1894 እ.ኤ.አ. ሲያገኙት ከምንም ጋር አልዋሃድ ስላለ ይህን ስም ሰጡት። ብየዳ ቤት በር ላይ «የአርጎን ብየዳ አለ» ተብሎ የሚጻፈውም በዚሁ ምክንያት ይሠራል። ጋዙ ከጋለው አሉሚኒየም ጋር ስለማይዋሃድ ከላይ ሸፍኖ አየሩን ይከለክላል።

«ሊተርጂ ማለት ሕዝቡ በጋራ የሚሠራው ሥራ ነው»

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ቅዳሴን በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ ይህን ይላሉ። ኤርጎን በውስጡ ያለበት የግሪኩ ቃል «ሌይቱርጊያ» በአቴንስ ሀብታሙ በራሱ ገንዘብ ለሕዝብ የሚሠራው ነበር፤ የጦር መርከብ ለአንድ ዓመት ማስታጠቅ፣ ለበዓል መዘምራን ማዘጋጀት። ለሕዝብ የሚሠራ ማለት ነው እንጂ ሕዝብ የሚሠራው ማለት አይደለም።

«ወርክ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከኤርጎን ተወሰደ»

አልተወሰደም። ኤርጎን ራሱ ቀድሞ «ዌርጎን» ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ የጋራ ጥንታዊ ሥር ወጡ።

«ጊዮርጊስም ጎርጎርዮስም ከኤርጎን የመጡ ስሞች ናቸው»

ጊዮርጊስ አዎ፦ «ጌ» መሬት፣ «ኤርጎን» ሥራ፤ ገበሬ ማለት ነው። ጎርጎርዮስ ግን አይደለም። እሱ «ግሬጎሬዮ» ከሚለው ግስ ነው፤ ነቅቶ የሚጠብቅ ማለት ነው።