ስርቅርቅ ጉሮሮ፦ የሴት ድምፃውያን ድምፅ ከስቱዲዮ እስከ መድረክ

በአማርኛ ዘፈን የሴት ድምፅ ሲመሰገን ስርቅርቅ፣ መረዋ፣ ሆድ የሚያባባ ይባላል። ሦስቱም ቃላት ዞረው ዞረው የሚያመለክቱት ቅላጼን ነው፤ ዘፋኟ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስትሻገር መንገድ ላይ የምታደርገውን መስበር፣ ማንሸራተትና ማርገብገብ። ጮክ ብሎ መዝፈን ብዙም ክብር የለውም። ስቱዲዮ ውስጥ በጥንቃቄ የሚቀረጸው፣ መድረክ ላይ ቀድሞ የሚደክመው፣ አድማጭንም «አልበሙ ላይ እንዲህ አልነበረችም» የሚያሰኘው ይኸው ቅላጼ ነው።

የመጡበት ቤት

የዛሬዎቹ ሴት ድምፃውያን የድምፅ አያያዝ ከሁለት ወገን የተወረሰ ነው። አንደኛው የአዝማሪው ወገን ሲሆን፣ እንደ ሜሪ አርምዴና በ2011 እ.ኤ.አ. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ያሉ ባለሙያዎች ራሳቸው ክራር እየመቱ ይዘፍኑ ነበር። ክራሩ በእጅሽ ካለ ጊዜውም በእጅሽ ነው፤ ቃል ላይ ቆም ማለት፣ ግማሹን መናገር፣ ግማሹን መዝፈን ይቻላል። ሁለተኛው የመንግሥት ኦርኬስትራ ነው። ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ሲዘፍኑ ከኋላቸው ትራምፔትና ሳክስፎን ተደርድሯል። እዚያ ሐረጉ በልኩ መጀመርና በልኩ ማለቅ አለበት።

ከ1974 እ.ኤ.አ. በኋላ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ አጥብቦት ካሴት ዋናው የዘፈን መንገድ ሆነ። በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ የሄደችው የጎንደር ተወላጇ አስቴር አወቀ በ1989 በስሟ የተጠራውን፣ በ1991 ደግሞ «ካቡ» የተባለውን አልበም ለውጭ ገበያ አቅርባ ያንን በቅላጼ የተሞላ ከፍ ያለ ድምፅ ለዓለም አሰምታለች። የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል ጋር የሠራችው አልበም ድምፅዋን ከውጭ ቅንብር ጋር ሲያገናኝ የቅኝቱን (ዜማው የሚገነባባቸውን ድምፆች አሰላለፍ) ጣዕም አላጠፋውም። የወሎዋ ማሪቱ ለገሠ ደግሞ አምባሰልና ባቲ የተባሉትን ቅኝቶች መማር ለሚፈልግ እስካሁን መነሻ ናት።

ቅኝትና ኪይ

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት) ዝቅ ሲሉ ማይነር ይሆናል። ጀማሪን የሚያስቸግረው አንቺ ሆዬ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ብቻ ይራመድና ወዲያው ሰፊ ዝላይ ይከተላል። ያችን ጠባብ እርምጃ አስፍታ የምትዘፍን ሰው ቅኝቱን ሳታስበው ታፈርሰዋለች፤ ኪቦርዱ ትክክል እየመታ እሷ ብቻ የወጣች ትመስላለች።

የኪይ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሣበት የድምፅ ከፍታ፣ ምርጫ ከዚህ ይብሳል። ወንድ የዘፈነውን ዘፈን ሴት ስትወስደው ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ግማሽ ድምፅ ከፍ ይደረጋል። ጥፋቱ የሚመጣው ኪዩ ስቱዲዮ ውስጥ «የሚያበራው» ቦታ ላይ ሲወሰን ነው። ቀን ላይ፣ ያረፈ ጉሮሮ ይዛ፣ ከስድስት ሙከራ በአንዱ የነካችውን ጫፍ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በአሥራ አራተኛው ዘፈን እንድትደግመው ይጠበቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቆማ፣ ሳታቋርጥ፣ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ትዝፈነው። በሦስተኛው አዝማቹ ላይ አንገቷ ከተገታተረ ኪዩ በአንድ ወይም በሁለት ግማሽ ድምፅ ይውረድ። አቀናባሪው «ድምቀቱ ይጠፋል» ይል ይሆናል፤ መድረክ ላይ ግን ማይኩን የሚይዘው እሱ አይደለም።

ስቱዲዮ

ድምፅ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በኮንደንሰር ማይክ (ረቂቅ ድምፅ በሚይዝ የስቱዲዮ ማይክ) ነው፤ ከፊቱ የትንፋሽ መከላከያ ወንፊት ይቆማል። ከአምስት ስድስት ቅጂ የተሻለው ሐረግ እየተመረጠ ይጋጠማል። ሐረጎቹ ሲገጣጠሙ የትንፋሽ ድምፅ ሁሉ ከተቆረጠ ዘፋኟ የማትተነፍስ ፍጡር ትሆናለች፤ ቢያንስ ከአዝማቹ በፊት ያለው ትንፋሽ ይቅር።

ኦቶቲዩን፣ ማለትም የወጣን ድምፅ ወደ ልኩ የሚመልሰው የኮምፒውተር ማረሚያ፣ ቅላጼን ይገድላል። ማረሚያው ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ሆኖ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ከያዘ፣ እየተንሸራተተ የሚወርደው ድምፅ የመሰላል ደረጃ ይሆናል። «እንግዲያው አምስቱን የቅኝት ድምፆች ብቻ ልስጠው» የሚል ደግሞ የባሰ ነገር ይገጥመዋል፤ መንገድ ላይ ያለችው ድምፅ ሩቅ ወዳለው ድምፅ ተወርውራ ትወድቃለች። የሚሻለው ፍጥነቱን ማዘግየትና ረዘም ብለው የተያዙትን ድምፆች ብቻ በእጅ ማረም ነው።

ሌላው ቋንቋው ራሱ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጰ ሲፈነዱ ኮምፕረሰሩ (የጮኸውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ) ይደነግጥና ተከታዩን አናባቢ አብሮ ይጨፈልቀዋል። የሰ እና የጸ ፉጨት ከልክ በላይ ከተቀነሰ ዘፋኟ ምላሷ የተሳሰረ ትመስላለች። የዜማ ደራሲውም ጥብቀትን መጠበቅ አለበት፦ «ገና» ላልቶ ሲነገር «ገና አልመጣም» እንደምንለው ነው፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። ና ላይ መሳብ ያለበትን ዜማ ገ ላይ ካስረዘሙት አድማጩ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል።

አዲስ ሥራ መልቀቅ

የልቀት ወቅት የሚወሰነው በበዓላት ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ዋዜማ ላይ ሥራ ይጎርፋል። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ብዙ የምሽት ቤቶች ስለሚቀዘቅዙ ድምፃውያን ስቱዲዮ የሚገቡበት ጊዜ ነው፤ ለፋሲካ ያልደረሰ አልበም ብዙውን ጊዜ እስከ አዲስ ዓመት ይገፋል። ከአልበሙ ቀድሞ ነጠላ ዜማ ከክሊፕ ጋር በዩቲዩብ ይለቀቃል።

ከመልቀቅ በፊት የሚረሳው ወረቀቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ 872/2007 በተሻሻለው) የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከዚያም 50 ዓመት ይጠበቃል። ዘፋኟ ለግጥሙ ገንዘብ ስለከፈለች ብቻ ግጥሙ የሷ አይሆንም፤ ዝውውሩ በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል ተስማምቶ «እኅቴ፣ ኋላ እንነጋገራለን» የተባባለ ሁሉ ክርክር የሚጀምረው ዘፈኑ ሲወደድ ነው። ካልተወደደ ማን ይጣላል?

ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። የዘፋኟ ስም በላቲን ፊደል አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ከተመዘገበ ሥራዎቿ በሁለት ገጽ ተከፍለው አድማጯም ይከፈላል። አንድ አጻጻፍ ተመርጦ በሁሉም ቦታ ይጸና።

መድረክ

ሳውንድ ቼክ ከድራም ተነሥቶ በቤዝ፣ በጊታርና በኪቦርድ አልፎ ድምፅ ላይ ያበቃል። ሰዓቱ ካጠረ የሚሠዋው የመጨረሻው፣ ማለትም የዘፋኟ ነው። ሞኒተሯ (ወደሷ የዞረው ስፒከር) ውስጥ ራሷን ካልሰማች ሳይታወቃት ትጮኻለች፣ በሦስተኛው ዘፈን ቅላጼው ይሸሻል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ድምፅዋን፣ ቀጥሎ ኪይ የሚሰጣትን ኪቦርድ ነው፤ ድራሙ በገዛ ራሱ ይደርሳታል።

ማይኩ ከከንፈር ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ይያዛል፤ ወደ ከፍተኛው ድምፅ ስትወጣ ትንሽ ይርቃል። የማይኩን ራስ ወንፊት በመዳፍ ሸፍኖ መያዝ ያምራል ብለው የሚያደርጉት አሉ። ያኔ ማይኩ ከኋላም መስማት ይጀምርና ሞኒተሩ ያፏጫል።

እስክስታ ሌላ ፈተና ነው። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ የጎድን አጥንትም ይናወጣል፣ ረጅም ድምፅም ይሰበራል። ልምድ ያላቸው ስንኙን ቆመው ይጨርሱና ስምንት ባር (የምት ዙር) በሚቆየው የመሣሪያ ክፍል ላይ ይወርዱበታል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ባሮች ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ተቀባዮቹ አዝማቹን የሚይዙላቸውም ለዚህ ነው።

በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ሳምንትም ሆነ በባሕረ ሰላጤው ዝግጅቶች ዘፋኟ ብዙ ጊዜ የምትሠራው እዚያው ከተሰበሰበ ባንድ ጋር ነው። የዘፈን ዝርዝሩ ከነኪዩ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይላክ። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ኪይ ከቀየረ በኋላ መመለሱን ረስቶ ቀጣዩን ዘፈን ሌላ ቦታ መጀመሩ የተለመደ ጉድ ነው፤ ዘፋኟ የመጀመሪያውን ስንኝ እየፈለገች ስትገባ ሕዝቡ በሷ ይፈርዳል።

ከውጭ ወደ አዲስ አበባ የምትመጣ ደግሞ 2,400 ሜትር ከፍታ ይጠብቃታል። አየሩ በሩብ ያህል የሳሳና ደረቅ ስለሆነ ቀድሞ የማያስቸግራት ሐረግ መሃሉ ላይ ትንፋሽ ይጠይቃታል። ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መድረስ ይረዳል።

ጉሮሮ

ዝንጅብል በማር ያረጋጋል እንጂ የድምፅ አውታሮቹን አይነካም፤ የሚዋጠው በሌላ መንገድ ያልፋል። አውታሮቹ የሚርሱት ቀኑን ሙሉ በተጠጣ ውኃ ነው፤ መድረክ ጫፍ ላይ የተጎነጨ ጠርሙስ ለዚያ ምሽት አይደርስም። ከዝግጅት በኋላ ሌሊት ክትፎ በልቶ ወዲያው መተኛት አሲዱን ወደ ላይ ይመልሰውና ጠዋት ድምፁ ሻክሮ ይነሣል። የወር አበባ ሲቃረብ አውታሮቹ ያበጡ ይሆናልና የአንዳንዷ ከፍተኛ ድምፅ ይጠፋል፤ ቅጂን በዚያ ሳምንት አለመያዝ ነው። ድምፅ ሲዘጋ በሹክሹክታ ማውራት ዕረፍት ይመስላል፣ ግን ለብዙዎች ይበልጥ ያደክማል። ዝም ማለት ይሻላል። መሻከሩ ከሁለትና ሦስት ሳምንት ካለፈ ግን የአንገት በላይ ሐኪም በካሜራ ይየው፤ በመደጋገም የሚበቅለው ትንሽ እባጭ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በዕረፍትና በድምፅ ሥልጠና ይመለሳል።