ፍላግስታድ «ድንገት» አልወጣችም፣ ተዉኝ በቃ

ድምፅ ነው የማስተምረው፣ እና ሳልሰማው የሚያልፍ ወር የለም፦ «ፍላግስታድ እኮ በ39 ዓመቷ ድንገት ነው የወጣችው፣ እኔም አንድ ቀን...»። ኧረ ባካችሁ! ኪርስተን ፍላግስታድ፣ የኖርዌይዋ የኦፔራ ዘፋኝ፣ በፈረንጆቹ 1935 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ በጀርመናዊው አቀናባሪ በዋግነር ኦፔራ ዚግሊንደ የምትባለዋን ገፀ ባህሪ ሆና ዘፈነች፣ በሬዲዮ ተላለፈ፣ አሜሪካ ጉድ አለ፣ ይሄ ልክ ነው። ግን መድረክ የወጣችው በ1913 በ18 ዓመቷ ነው፣ እዛው ኦስሎ ናሽናል ቲያትር (ያኔ ከተማዋ ክርስቲያንያ ነበር የምትባለው)። 21 ዓመት ሙሉ ኦፔሬታ (ቀለል ያለ ኦፔራ) በሉት የሙዚቃ ኮሜዲ በሉት የተሰጣትን ስትጫወት ኖረች፣ ከ1928 ጀምሮ ደግሞ ስዊድን ጎተንበርግ። ኢዞልደን (የዋግነር «ትሪስታንና ኢዞልደ» ኦፔራ ዋና ሴት) የሚያክል ከባድ ሮል የነካችው በ1932 ነው፣ 36 ዓመቷ ላይ! በዓመቱ ባይሮይት (ጀርመን ያለው የዋግነር ፌስቲቫል) ጠርተው ትናንሽ ሮል ሲሰጧት አላኮረፈችም፣ ዘፈነች።

የኛዎቹስ? አንዱ ተማሪዬ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዋግነር ካልዘፈንኩ ብሎ በጉሮሮው ሲጮህ ከርሞ ድምፁ ጠፋ፣ ሐኪም ዝም በል ብሎት ስንት ጊዜ በምልክት አወራ። ቀላል ዘፈን ዝፈኑ፣ ትንፋሽ ላይ ስሩ፣ ሲደክማችሁ አቁሙ፣ ከባዱን ሮል አስተማሪያችሁ ሳይል አትንኩት። ስንቴ ልበል?

«ዋግነር ብቻ ነው የምትችለው» የሚሉም አሉ። በ1951 ለንደን ሜርሜይድ ቲያትር በእንግሊዛዊው አቀናባሪ በፐርሰል ኦፔራ ንግሥት ዳይዶን ሆና ተጫውታለች፣ ክፍያዋም በየቀኑ ጥቁር ቢራ ነበር።

«ለናዚ ዘፍናለች»። አልዘፈነችም። በ1941 በጀርመን ወደተያዘችው ኖርዌይ ባሏ ጋ ተመለሰች፣ ሰውየው የእንጨት ነጋዴና ከናዚ ጋር የተባበረው የኖርዌይ የክቪዝሊንግ ፓርቲ አባል ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ታስሮ ፍርድ ሳያገኝ በ1946 ሞተ። እሷ በጦርነቱ ጊዜ የዘፈነችው ገለልተኛ በነበሩት ስዊድንና ስዊዘርላንድ ነው። መመለሷ ስህተት ነበር ካላችሁ እንከራከር፣ አሜሪካ ስትመለስም ተቃውሞ ጠብቋታል፣ ያላደረገችውን ግን አትለጥፉባት።

«ዳይሬክተርነቱ የክብር ነው»። ከ1958 እስከ 1960 የኖርዌይ ኦፔራ የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ነበረች፣ ቤቱን ከዜሮ ነው ያስጀመረችው፣ ያውም ታማ።

«ሃይ ሲዎቹን (በጣም ከፍ የሚሉትን ኖታዎች) ሌላ ሰው ነው የዘፈነላት» ደሞ እውነት ነው፣ በ1952ቱ የ«ትሪስታንና ኢዞልደ» ቀረፃ ዘፋኟ ኤሊዛቤት ሽቫርትስኮፍ ናት። ሁለት ኖታ! ሴትየዋ 56 ዓመቷ ነበር፣ የቀረውን የኢዞልደ ክፍል በሙሉ ማን የዘፈነው መሰላችሁ?