ብርዱ ፀሐይን አያበርዳትም

«እንዴ ሲስተር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የምን ፀሐይ ነው?»

በቆዳ ሕክምና ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ግን ትዝ አይለኝም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይመጣሉ። ፊታቸው ላይ የወጣውን ጥቁረት፣ ማድያት የምንለውን፣ ያሳዩኝና ጉበታቸው እንዲመረመር ይጠይቁኛል። ፀሐይ ናት ስላቸው ቅር ይላቸዋል፤ ያቃለልኳቸው ይመስላቸዋል። አላቃለልኩም። በየቀኑ ለአንድ አንድ ሰው ከምነግር እዚህ ልጻፈው።

«ብርድ አገር ፀሐይ አትጎዳም» የሚለው ከሁሉም ያደክመኛል። የሚያሞቀን ጨረርና ቆዳችንን የሚጎዳው ጨረር አንድ አይደሉም። የሚጎዳው አልትራቫዮሌት የሚባለው ነው፤ ዓይን አያየውም፣ ሲነካንም አይታወቀንም። ስለዚህ አየሩ ቀዘቀዘ ማለት እሱ ቀነሰ ማለት አይደለም። ከፍታው ግን ወሳኝ ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ስለሚሳሳ ኃይሉ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርና መሐል ሜዳ ደግሞ ከእሷም በላይ ናቸው። ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሚሠራን ሰው ሙቀቱ ራሱ አባርሮ ጥላ ሥር ያስገባዋል። እኛ ግን ነፋሱ እያቀዘቀዘን «እስቲ ፀሐይ እንሙቅ» ብለን ወንበር ይዘን እንወጣለን፤ ረፋዱን ሙሉ ፊታችንን ሰጥተን እንቀመጣለን። ቀይ ባሕር ውስጥ የሚዋኙና የሚጠልቁ ሰዎችም የሚሳሳቱት እንዲሁ ነው፤ ውኃው ቆዳቸውን ስለሚያቀዘቅዘው ጀርባቸው መቃጠሉን የሚያውቁት ማታ ልብስ ሲነካቸው ነው።

አንዲት ድንች ነጋዴ አትረሳኝም። ሻሿን ስታወልቅ ግንባሯ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ከመስመሩ በላይ፣ ሻሹ የሸፈነው ቆዳ ጥርት ያለ ነው፤ ከመስመሩ በታች እስከ ቅንድቧ ቡናማ። ቀኝ ጉንጯ ከግራው ይብስ ነበር፤ ገበያ ስትቀመጥ የከሰዓቷ ፀሐይ የምትመታት በዚያ በኩል ነው። መስተዋት ሰጠኋት። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ትንሽ ዝም አለችና፣ «ጉበቴ ቢሆን ኖሮ ከሻሼ ሥር ያለውን ለምን ተወው?» አለችኝ። ልላት ያሰብኩትን ቀደመችኝ።

ማድያት እርግዝናም፣ የወሊድ መከላከያም፣ ዘርም አለበት። የሚያጠቁረውና አልለቅም የሚያሰኘው ግን ፀሐይ ነው። እሷ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ከሱቅ የገዛችውን የሚያነጣ ክሬም ስትቀባ ከርማለች። እንደነዚህ ያሉት ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለባቸው፤ ለጥቂት ሳምንት ያሳምሩና ቆዳውን አሳስተው ይተዉታል፤ ያኔ ፊት በትንሹም መቅላትና ማቃጠል ይጀምራል። እባካችሁ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀቡ። ያቺ ሴት ለውጥ ያየችው ሐኪሙ ያዘዘላትን መድኃኒት እየተቀባች መደቧ ላይ ትልቅ ጃንጥላ ካቆመች በኋላ ነው፤ ወራትም ፈጅቶባታል።

«ደመና ነው ዛሬ።» ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። እኛ ዘንድ ፀሐይ በእኩለ ቀን ቀጥ ብላ አናት ላይ የምትቆመው በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ክረምት ነው።

«ቫዝሊን ተቀብቻለሁ።» ቫዝሊን ድርቀት ይከላከላል፤ ፀሐይ አይከላከልም። ቅቤም እንደዚያው።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም።» ይህ ግማሹ እውነት ነው። በጣም ጠቆር ያለ ቆዳ በተፈጥሮው የመከላከል አቅሙ (SPF) 13 ቁጥር ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ጋር የሚቀራረብ አቅም እንዳለው ተለክቷል፤ ከቃጠሎና ከቆዳ ካንሰር በእጅጉ ይጠብቀናል። ከማድያት ግን አያድንም፤ ዓይንንም ከሞራ አያተርፍም። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም ቆዳቸውና ፀጉራቸው ተፈጥሯዊ ቀለሙን አጥቶ የተወለዱ ልጆቻችን ደግሞ ይህ ጥበቃ ጨርሶ የላቸውም፤ የቆዳ ካንሰር በወጣትነታቸው ሊይዛቸው ይችላል። አንድ እናት ልጇን ይዛ መጥታ፣ ሰልፍ ላይ ኮፍያውን አውልቅ እየተባለ እንደሚቆም ስትነግረኝ አለቀስኩ። የልጁ የጆሮው ጫፍና የአፍንጫው ጫፍ ቆስለው ነበር። መምህራን ሆይ፣ ለዚህ ልጅ ኮፍያው መድኃኒቱ ነው። ሰፊ ክፈፍ ያለው ይሁን፤ ልጁም ጥላ ሥር ይቁም።

«ምች ነው የመታኝ።» ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ከንፈራቸው ውኃ የቋጠረ ሰዎች ይበዙብናል። አያቶቻችን ፀሐይ እንደምታስነሣው ማስተዋላቸው ትክክል ነበር። መነሻው ግን የምግብ ሽታ አይደለም፤ ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው። አብዛኞቻችንን በልጅነት ይዞን ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ወይም ትኩሳት ሲያገኝ ይቀሰቀሳል። ዳማከሴ ከነርቭ አያስወጣውም። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስባችሁ ካላችሁ ፀሐይ ከመውጣታችሁ በፊት ከንፈራችሁን የፀሐይ መከላከያ ቀቡ። ቁስሉ እያለ ደግሞ አራስ ቤት ገብታችሁ ሕፃን አትሳሙ፤ ለጨቅላ ይህ ቫይረስ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ክሬም መግዛት ለሚችል፦ 30 ቁጥር ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 ከመቶውን ያስቀራል፣ 50 ቁጥር 98። ስለዚህ ቁጥር ከማሳደድ በቂ መጠን መቀባቱ ይሻላል፦ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ፣ ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ። ክሬሙ ውድ ነው፤ የማይችለው ይበዛል። ጥላ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ገበሬው ሰዓት የሚያውቅበትን ዘዴ ተጠቀሙ፦ መሬት ላይ ያለው ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል፤ ጃንጥላ ዘርጉ ወይም ወደ ዛፍ ሥር ሂዱ።

አሁን የምፈራው ይህን ያነበበች እናት «እንግዲያው ሕፃኑን አላወጣውም» እንዳትል ነው። እንዲያ ያለች ገጥማኛለች። ያለ ፀሐይ የሰውነት ቫይታሚን ዲ ይጎድላል፣ የሕፃኑም አጥንት ይለሰልሳል፤ ሪኬትስ ይህ ነው። በመስኮት መስተዋት ውስጥ ማሞቅ አይጠቅምም፤ ቫይታሚኑን የሚያሠራው ጨረር መስተዋት አያልፍም። በጋቢ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ከወጣም ብዙ አላገኘም። ነፋስ የማይገባበት ቦታ ፈልጊ፣ ጋቢውን ፍቺለት፣ ጀርባውንና እግሮቹን ለማለዳዋ ፀሐይ ስጪ፣ ዓይኑን በእጅሽ ከልዪለት። ረፋዱ ሳይጠነክር ወደ ቤት አስገቢው።